«ዋይፋዩ ይታያል፣ ግን አይሠራም»፡- የአይፒ አድራሻ ችግር በቢቸናና በሞጣ ቤቶች

እንደሚታወቀው «ዋይፋይ» የሚለው ቃል ዛሬ ከትልልቅ ከተሞች አልፎ የወረዳ ከተሞች የዕለት ተዕለት ቋንቋ ሆኗል። ችግሩ ቃሉ ሥራ በዝቶበታል። ቢቸና ውስጥ አንድ ሰው «ዋይፋዩ ተበላሽቷል» ሲል ቢያንስ አራት ነገሮችን ማለቱ ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሳጥን ማለትም ራውተሩ ተበላሽቷል፤ ወይም ሞገዱ ጓዳ ድረስ አይደርስም፤ ወይም ከቴሌ የሚመጣው መስመር ተቋርጧል፤ ወይም ደግሞ የወሩ ሂሳብ አልተከፈለም። አምስተኛም አለ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው፡- ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ስልኩ ወይም ላፕቶፑ አድራሻ አላገኘም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ አምስተኛው ነው።

«ታዲያ ይሄ የኮምፒውተር ተማሪዎች ሥራ አይደለም እንዴ? ጋዜጠኛ ምን አገባው?» የሚል የክፍል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ይሁን እንጂ «ኢንተርኔት ተቋርጧል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሀገራችን ተራ ዓረፍተ ነገር አይደለም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ለብሔራዊ ፈተና ሲባል ተቋርጧል። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ግድያዎች በኋላ ተቋርጧል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ደግሞ ለሦስት ሳምንታት ያህል ጠፍቷል። በአማራ ክልልም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ሰሞን ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ስለዚህ ከሞጣ አንድ ምንጭ ደውሎ «ኔት ከጠፋ ሦስት ቀን ሆነ» ቢለን፣ የጠፋው ከከተማው ነው ወይስ ከእሱ ግቢ? ይህንን ሳይለይ የጻፈ ጋዜጠኛ የአንድን ራውተር ብልሽት የመንግሥት ውሳኔ አድርጎ ሊያወጣው ይችላል። የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እውነተኛ መቋረጥ ሲሆን «የራውተር ችግር ይሆናል» ብሎ ማለፍ። ሁለቱንም ለመለየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ቁጥር ማንበብ መቻል ይበቃል።

አድራሻው ከየት ይመጣል?

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ሞጣ፣ ከሞጣም ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው መንገድ ላይ ከመሸበት አልጋ ቤት መግባቱ አይቀርም። አልጋ ቤት ሲገባ ተቀባዩ መዝገብ ይገልጣል፣ መታወቂያ ያያል፣ ባዶ ክፍል ይፈልግና «7 ቁጥር ያንተ ነው፣ እስከ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት» ብሎ ቁልፍ ይሰጣል። ራውተርም የሚያደርገው ልክ ይህንን ነው። ስልካችን የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ከተቀበሉት በኋላ ገና ቁጥር የለውምና በደፈናው ይጣራል፡- «አድራሻ የሚሰጥ አለ?» ራውተሩ ይመልሳል፡- «192.168.1.7 ባዶ ነው፣ ይሆንሃል?» ስልኩም «እሺ፣ እሱን ስጠኝ» ይላል። ራውተሩ «ያንተ ነው፣ ለ24 ሰዓት» ብሎ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። አራት መልእክት፣ ነገሩ ሁሉ ከሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ይህ አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል። ዛሬ የምንጠቀምበትን ደንብ ራልፍ ድሮምስ የተባለ አሜሪካዊ ጽፎት በ1997 እ.ኤ.አ. ወጥቷል።

ከአድራሻው ጋር ሁለት ነገሮች አብረው ይሰጣሉ። አንደኛው የመውጫው በር ቁጥር ነው፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የራውተሩ የራሱ ቁጥር፣ 192.168.1.1 ነው። ሁለተኛው የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ የሚባለው አገልጋይ አድራሻ ነው። ስልኩም በበኩሉ መታወቂያ ያሳያል፤ ማክ አድራሻ ይባላል፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ አለው።

«24 ሰዓት» የሚለውን ልብ በሉ። አድራሻው ስጦታ አይደለም፣ ኪራይ ነው። ስልኩ እዚያው ከቆየ የኪራዩ ዘመን ግማሽ ሲደርስ ሄዶ ያሳድሳል። ካላሳደሰና ጊዜው ካለፈ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች የቤት ውስጥ ቁጥሮች ናቸው። 7 ቁጥር ክፍል በቢቸናም በሞጣም አልጋ ቤት እንዳለ ሁሉ፣ 192.168.1.7ም በዓለም ላይ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ አለ። ይህ የሆነው የድሮው ዓይነት የአይፒ አድራሻ በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆነና ለሁሉም መሣሪያ ስለማይዳረስ ነው። የዓለሙ የጋራ መጋዘን ባዶ የሆነው በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ተከራዩም ጭምር፣ ወደ ውጭ ሲወጣ በአንድ የውጭ አድራሻ ይወጣል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለሙያችን ትልቅ ትርጉም አለው።

ቁጥሩን ማንበብ

ችግር ሲያጋጥም ብዙ ሰው የሚያደርገው አጥፍቶ ማብራት ነው። አልፎ አልፎ ይሠራል፤ ግን ምን እንደነበረ ሳይታወቅ ስለሚሠራ ነገ ይመለሳል። ከማጥፋት በፊት ማንበብ ይሻላል።

በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ዋይፋይ የሚለውን ከፍቶ የተያያዝንበትን ኔትወርክ ስም መንካት ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ የአይፒ አድራሻ የሚል መስመር አለ። ዊንዶውስ ባለው ላፕቶፕ ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍና የ«አር»ን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ «ሲኤምዲ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ሲጽፉ ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ እዚያ ላይ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ማስገባት ነው። ቁጥሮች ይደረደራሉ። የምንፈልገው የዋይፋዩን ብቻ ነው።

ቁጥሩ በ192.168 የሚጀምር ከሆነና ከመውጫው በር ቁጥር ጋር የሚመሳሰል ከሆነ (ለምሳሌ 192.168.1.7 እና 192.168.1.1) አድራሻ ተገኝቷል ማለት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ራውተሩንና ስልኩን አታስጨንቁ።

ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ተጣርቶ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው። ዊንዶውስና አይፎን ይህንን ያደርጋሉ። አልጋ ቤት ገብቶ ተቀባይ ያጣ እንግዳ ኮሪደር ላይ ጋቢውን አንጥፎ እንደመተኛት ነው፤ ተኝቷል፣ ግን ክፍል የለውም። አንድሮይድ ይህንን አያደርግም፤ «አድራሻ በማግኘት ላይ» እያለ ይቆይና ተስፋ ይቆርጣል። በሁለቱም መንገድ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ከቴሌ መስመር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው የማያምነው ነው። አድራሻ የሚሰጠው የቤቱ ራውተር እንጂ ቴሌ አይደለም። ከውጭ የሚመጣው መስመር ቢበጠስ፣ ኢንተርኔቱ በሀገር ደረጃ ቢዘጋ እንኳ፣ መብራት ያለው ራውተር አድራሻ መስጠቱን አያቆምም። በመቋረጡ ወራት ዋይፋይ ያለበት ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ስልኩ ላይ ሞገዱ ሙሉ ሆኖ ከሥሩ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ ቢያይ የሚያስገርም አልነበረም።

አንድ የቢቸና ግቢ

ባለፈው የክረምት እረፍት ያየሁትን ላንሳ፤ በዚህ ርዕስ ላይ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። ግቢው ባለ ስድስት ክፍል ኪራይ ቤት ነው፤ አራቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከጓሮ። የቤቱ እመቤት መስመሩን አስገብተዋል፤ ተከራዮች በየወሩ ድርሻ ድርሻቸውን ያዋጣሉ። የጓሮዎቹ ክፍሎች ግድግዳቸው ቆርቆሮ ስለሆነ ሞገዱ በደንብ አይደርስም ነበር (ቆርቆሮ ብረት ነው፣ ሞገድ ይመልሳል፤ ከጭቃ ግድግዳ ይልቅ ቆርቆሮ የከፋ ነው)። የጓሮ ተከራዮች አቤቱታ ሲበዛ የእመቤቲቱ ልጅ ሌላ ራውተር ገዛና ከመጀመሪያው በገመድ አያይዞ ከጓሮ ሰቀለው። ሁለት ቀን ደህና ነበር።

ከዚያ ከፊት ያሉት ሰዎች ጀመሩ። ጠዋት የሠራው ስልክ ከሰዓት በኋላ አይሠራም። የአንዱ ሲሠራ የሌላው ይጠፋል። አንዲት አስተማሪ የሥልጠና ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ላይ ሆና ስልኳ «ኢንተርኔት የለም» ይላታል፣ ጎረቤቷ ግን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ያያል። ወሬው ወዲያው ሌላ መልክ ያዘ። «እትዬ፣ የኔን ብቻ ነው የዘጉት? የዚህን ወር ከፍያለሁ እኮ!» «ልጄ፣ እኔ ከማብራትና ከማጥፋት ሌላ ምኑን አውቄው ነው የምዘጋብሽ?» በዚያ ላይ የቤት ኪራይ ጭማሪ የተነገረበት ወር ስለነበር ማንም ማንንም አላመነም። ሁለት ተከራዮች የዋይፋዩን መዋጮ አንከፍልም አሉ።

ነገሩ የተፈታው ሁለት ስልኮችን ጎን ለጎን አድርጎ ቁጥሩን በማንበብ ነው። የሚሠራው 192.168.1.14 ነበር፣ በሩ 192.168.1.1። የማይሠራው 192.168.0.103፣ በሩ 192.168.0.1። ቤተሰቡ ሌላ ነው! የመጀመሪያው ራውተር በ192.168.0 የሚጀምር ቁጥር አይሰጥም። ስለዚህ የሰጠው ሌላ ነው፤ አዲሱ ማለት ነው።

አንድ አልጋ ቤት ውስጥ ሁለት ተቀባዮች፣ ሁለት መዝገብ ይዘው ተቀምጠዋል ብላችሁ አስቡ። እንግዳው «የሚሰጥ አለ?» ሲል ሁለቱም ይመልሳሉ፤ ስልክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ቀድሞ የደረሰውን ነው። ከአዲሱ የተቀበለ «መውጫህ በ192.168.0.1 ነው» ይባላል። አዲሱ ራውተር ግን የራሱ መውጫ የለውም፤ ከኋላው መስመር አልገባለትም። እንግዳው ቁልፍ ይዟል፣ ክፍል አለው፣ የሚወጣበት በር ግን ግድግዳ ነው። የኪራዩ ጊዜ ሲያልፍ ወይም ስልኩ ወጥቶ ሲገባ እንደገና ዕጣ ይጣላል፤ «አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም» የሚባለው ከዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ገመዱን ከአዲሱ ራውተር ተራ ቀዳዳ (ላን ከሚሉት) ላይ ነቅሎ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ለየት ወዳለው የመስመር መግቢያ (ዋን ወደሚሉት) መክተት ነው። በዚህ ጊዜ አዲሱ ራሱን የቻለ ቤት ይሆናል፤ የሚሰጠው ቁጥር ከመጀመሪያው ቁጥር የተለየ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ሁለቱም በ192.168.1 የሚጀምር የሚሰጡ ከሆነ ግን ይጋጫሉ፤ የአንዱን መቀየር ግድ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ገመዱን ባለበት ትቶ አዲሱን ራውተር ቁጥር ከመስጠት ማገድ ነው። በላፕቶፕ ወይም በስልክ የራውተሩን ገጽ ከፍቶ (192.168.0.1 ብሎ እንደ ድረ ገጽ መጻፍ ነው) ዲኤችሲፒ የሚለውን ያጠፋሉ፤ የራውተሩን የራሱን ቁጥርም ወደ 192.168.1.2 ይቀይራሉ፣ የመጀመሪያው ራውተር ያንን ቁጥር ለሌላ እንዳይሰጥም ያደርጋሉ። ከዚያ ወዲህ መዝገብ የሚይዘው አንድ ብቻ ነው፤ አዲሱ ሞገድ ከማድረስ ሌላ ሥራ የለውም። በቢቸናው ግቢ የተደረገው ይኸው ነው፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀ። የአስተማሪዋ ምዝገባ ግን በሞባይል ዳታ ነበር ያለፈው፤ ወጪው የራሷ። እመቤቲቱም መዋጮውን ለማስከፈል ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል፤ የተነገረ ቃል እንደ ራውተር አጥፍተው አያበሩትም።

መብራት ሲመጣ

ሞጣ ላይ ያየሁት ደግሞ ሌላ ነው። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ፕሪንተሩ በዋይፋይ ይሠራል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ፕሪንተሩ አልታዘዝም ይላል። ባለቤቱ «መብራቱ ፕሪንተሬን እየጎዳው ነው» ብሎ ሊሸጠው ነበር።

ፕሪንተሩን የገጠመው ባለሙያ በእጁ 192.168.1.5 የሚል ቋሚ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ኮምፒውተሮቹ ሁልጊዜ በዚያ ቁጥር እንዲያገኙት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ለራውተሩ ግን አልነገረም። ራውተሩ ከ192.168.1.2 እስከ 192.168.1.254 ያለው ሁሉ የኔ ነው ብሎ ያድላል። መብራት ሲመጣ ራውተሩ በራሱ ይነሳል፣ ቤቱ ውስጥ ያሉ ደንበኞች ስልክ ወዲያው ይያያዛል፣ ፕሪንተሩን ግን ሰው መጥቶ መጫን አለበት። በዚያ መሐል 5 ቁጥር ባዶ መስሎ ይታያል፤ ለአንዱ ደንበኛ ይሰጣል። ፕሪንተሩ ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ኮምፒውተሩ የደብዳቤውን ሕትመት ለደንበኛው ስልክ ይልካል፤ ስልኩ ምን ያድርገው?

የሚሻለው ፕሪንተሩን ወደ አውቶማቲክ መልሶ ራውተሩ ገጽ ላይ በማክ አድራሻው ማስያዝ ነው፤ «ይህ መታወቂያ ያለው ሲመጣ ሁልጊዜ 5 ቁጥርን ስጠው፣ ለሌላ አትስጥ» እንደማለት። ወይም ራውተሩ የሚያድለውን ከ20 ጀምሮ ማድረግና ከዚያ በታች ያለውን ለቋሚ ዕቃዎች መተው።

የመብራት መጥፋት ሌላም ጣጣ አለው። ብዙ የቤት ራውተሮች መዝገቡን የሚይዙት በጊዜያዊ ትውስታ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ መዝገቡ ይጠፋል። ባትሪ ያላቸው ስልኮች ግን የድሮ ቁጥራቸውን ያስታውሳሉ። ራውተሩ ከመስጠቱ በፊት «እዚህ ሰው አለ?» ብሎ የሚያንኳኳ ዓይነት ቢሆን እንኳ የተኛ ስልክ ላይመልስ ይችላል። ሁለት መሣሪያ በአንድ ቁጥር ይሆናሉ፤ ዊንዶውስ «የአድራሻ ግጭት አለ» ብሎ ይጮሃል፤ ስልኮች ግን ምንም ሳይናገሩ ይንተፋተፋሉ። በዚህ ጊዜ ዋይፋዩን ከስልኩ ላይ አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። በላፕቶፕ «አይፒኮንፊግ» ብሎ ከክፍተት በኋላ እዝባርና «ሪሊዝ»፣ ቀጥሎም በዚያው መንገድ «ሪኒው» የሚለውን መስጠት ነው፤ የመጀመሪያው ቁልፉን ይመልሳል፣ ሁለተኛው አዲስ ይጠይቃል።

ሌሎች ምክንያቶች

ከግቢው ሁሉ የአንድ ሰው ላፕቶፕ ብቻ እምቢ ካለ ጥፋቱን እዚያው ላፕቶፕ ላይ ፈልጉ። በተማሪ ዘንድ የተለመደው ይህ ነው፡- ከካምፓስ ወይም ከሥራ ቦታ ቋሚ ቁጥር የተሰጠው ላፕቶፕ፣ ለምሳሌ በ10 የሚጀምር፣ ለእረፍት ሞጣ ይገባል። ቁጥሩ የሌላ ሀገር ገንዘብ ይመስል እዚህ አይሠራም። ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነው።

እንግዳ ሲበዛም ቁጥር ያልቃል። ሰርግ ወይም ለቅሶ ያለበት ቤት አርባ ሃምሳ ስልክ ይገባል። ራውተሩ ሊሰጥ የተፈቀደለት ቁጥር ጥቂት ከሆነና ኪራዩ 24 ሰዓት ከሆነ፣ ጠዋት የመጣው እንግዳ ቢሄድም ክፍሉ እስከ ነገ በስሙ ነው፤ ማታ የመጣው ኮሪደር ይተኛል። የኪራዩን ጊዜ ወደ 1 ወይም 2 ሰዓት ማሳጠር ወይም ክፍሎቹን መጨመር ይቻላል። ኪስ ውስጥ የሚያዙት ሲም የሚወስዱ ትንንሽ ራውተሮችና የስልክ ሆትስፖት ግን ከጥቂት ሰው በላይ ላለመቀበል የተሠሩ ስለሆኑ መጨመሩ ገደብ አለው።

«የተመዘገበ ስልክ ብቻ» ብለው በማክ አድራሻ የሚያጥሩ ባለቤቶችም አሉ። ከ2019 እ.ኤ.አ. አንድሮይድ 10፣ ከ2020 ደግሞ አይፎን ለተጠቃሚው ምስጢር ሲባል ለየኔትወርኩ የፈጠራ ማክ አድራሻ ማሳየት ጀምረዋል። ስለዚህ ተከራዩ ስልኩን ቀይሮ ወይም፣ በአንዳንድ ስልክ፣ ኔትወርኩን «ፎርጌት» ብሎ ሲመለስ ራውተሩ የማያውቀው ሰው ሊሆንና ሊመለስ ይችላል። «የከፈልኩትን ዘጉብኝ» የሚለው ጠብ እዚህም አለ። ስልኩ ላይ ለዚያ ኔትወርክ «የመሣሪያውን ማክ ተጠቀም» የሚለውን መምረጥና ያንን ማክ ራውተሩ ላይ ማስመዝገብ ይፈታዋል። በበኩሌ ይህ አጥር ከሚጠቅመው የሚያጣላው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ የይለፍ ቃልን በየወሩ መቀየር ይቀላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አጥብቄ ልናገር። ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ አትውጉ! ማጥፋትና ማብራት ሌላ፣ ያችን መውጋት ሌላ ነው። እሷ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ታደርገዋለች፤ መስመሩ ሲገባ የተሞላው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠፋል። ከዚያ በፊት የአድራሻ ችግር ብቻ የነበረበት ቤት ከዚያ በኋላ ጭራሽ መስመር የሌለው ይሆናል፤ ወረቀቱን ያላስቀመጠ ሰው 994 ደውሎ ወይም ቢሮ ሄዶ ወረፋ ይጠብቃል።

ለእኛ ሥራ

ቀደም ሲል ያቆየሁት ነጥብ አለ። አንድ ግቢ በአንድ የውጭ አድራሻ ይወጣል ብያለሁ። አንዳንድ ጊዜ አገልግሎት ሰጪው ራሱ ብዙ ቤቶችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያደርጋል፤ የራውተሩ ገጽ ላይ የመስመሩ ቁጥር በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። ስለዚህ «በአይፒ አድራሻው ተለይቶ ተያዘ» የሚል መግለጫ ሲደርሰን እንዳለ መቅዳት የለብንም። አድራሻው የሚያሳየው መስመርን እንጂ ሰውን አይደለም። በቢቸናው ግቢ ስድስት ክፍል አለ፤ ልጆችና እንግዶች ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ነው። የትኛው ስልክ እንደነበረ ለማወቅ የራውተሩ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ያ መዝገብ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠፋ መሆኑን አይተናል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ ከሞጣ የደወለውን ምንጭ ምን እንጠይቀው? መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፍቶ በሞባይል ዳታ እንዲሞክር። ከሠራ ኢንተርኔት ሞጣ አለ፤ ጥፋቱ የግቢው ወይም የመስመሩ ነው። ካልሠራ ዋይፋዩን መልሶ ቁጥሩን ያንብብልን። 169.254 ካለ እስካሁን ስለ ከተማው ምንም አልነገረንም፤ መጀመሪያ ቤቱን ያስተካክል። 192.168 ካለ የራውተሩን መብራቶች ይይ። መስመሩ ፋይበር ከሆነ «ሎስ» የምትለዋ መብራት ቀይ ሆና ከበራች የፋይበሩ ብርሃን አልደረሰም፣ ምናልባት የሆነ ቦታ ተቆርጧል። መብራቶቹ ደህና ሆነው ስም የተጻፈ ድረ ገጽ እምቢ ካለ «ፒንግ 8.8.8.8» ያስሞክሩት፤ ይህ የጉግል የዲኤንኤስ አገልጋይ ቁጥር ነው። ከመለሰ ኢንተርኔት አለ፤ ችግሩ ስም ተርጓሚው ላይ ነው፣ ወይም የተዘጋው ያ ድረ ገጽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ዜና ነው።

ሁሉም ደህና ሆኖ ምንም ካልመለሰ ሌላ ግቢ፣ ሌላ መስመር ያለው ሰው ይጠየቅ፤ ከዚያው ግቢ ሌላ ተከራይ መጠየቅ ትርፍ የለውም፤ ሁለቱም ከአንድ ራውተር ነው የሚጠጡት። በሞጣ ሦስት ቦታ፣ በቢቸናም እንዲሁ ከጠየቅን በኋላ የኢንተርኔትን ፍሰት ከሩቅ የሚለኩትን እንደ ክላውድፍሌር ራዳርና የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲውን አዮዳ ማየት ይቻላል። እነሱ የሚያሳዩት ሀገርን፣ ሲበዛ ክልልን ነው፤ ሞጣ ብቻዋን ብትቋረጥ በእነሱ መስመር ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ እነሱ «ምንም የለም» አሉ ማለት የሞጣው ሰው ዋሽቷል ማለት አይደለም።

ሰዓቱን በማስታወሻ ስትይዙ ተጠንቀቁ። ምንጫችን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጠፋ» ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፤ እነዚህ መለኪያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ደግሞ የዓለም አቀፉን ሰዓት ስለሆነ እዚያ ላይ የሚፈለገው 6 ሰዓት ነው።